የጌም ቤቱ ሥዕልና የልጄ እንዝርት

ለመሆኑ በልጆቻችን የእጅ ስልክ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሯሯጡትን ሥዕሎች የሚሠራቸው ማን ነው? ይህን ጥያቄ አንስተን የምናውቅ እናቶች ብዙዎች አይመስሉኝም። እኛ የለመድነው ስልኩን መንጠቅ፣ «ባትሪዬን ጨረሳችሁት» ብሎ መቆጣትና «ተነስ፣ ደብተርህን ያዝ» ማለት ነው። በበኩሌ ጥያቄው ወደ ቤቴ የገባው በልጄ ደብተር በኩል ነው። ስለዚህ በባሕር ማዶ በየዓመቱ ስለሚሰጥ አንድ ሽልማትና የሽልማቱ ወሬ እዚህ ፍኖተ ሰላም ድረስ ደርሶ ስላስነሳብን የቤት ውስጥ ክርክር ላጫውታችሁ ወደድሁ።

አስቀድሜ ስለ ቤታችን ጥቂት ልበል። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የልጆቼ አባት ከቡሬና ከአካባቢዋ በርበሬ እየገዛ ወደ ሌላ ገበያ ያስጭናል። ሦስት ልጆች አሉን፤ ታላቋ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ መካከለኛው ሰባተኛ፣ ታናሿ ደግሞ ገና ሦስተኛ ክፍል ናቸው። እናቴም ከእኛው ጋር ናቸው። ጧት ማታ ጥጥ ይፈትላሉ። «ዓይኔ ቢደክምም ጣቴ ያያል» ይላሉ።

ወደ ጌም ቤት የሚሄደው መካከለኛው ልጅ ነው። በከተማችን ጌም ቤት የሚባለው አንዲት ክፍል ቤት ናት፤ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከየቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ማጫወቻ፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር። ጆይስቲኩ የደረሳቸው ኳስ ይጫወታሉ፤ ያልደረሳቸው ከኋላ ቆመው ዳኛ ይሆናሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚያሰሙትን የብስጭት ጩኸት መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ማየት እምብዛም የተለመደ አይደለም። ታላቋ ልጄ የምታውቀው ወንድሟ መጥቶ የሚነግራትን ያህል ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ትምህርቱም ሲቆራረጥ፣ ልጆች ቤት መዋል ግድ ሆነባቸው። በእኔ ስልክ ላይ ቀደም ብሎ የተጫነ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እሱም «ኩኩሉ» የሚባለው የዶሮ ጨዋታ ነው። ሁለቱ ትናንሾች ለመጫወት ሲሻሙ ታላቋ ግን ሌላ ነገር ታያለች። ዶሮዋ ስትሮጥ እግሯ በየት በኩል እንደሚነሳ፣ ስትዘል ክንፏ ከእግሯ ቀድሞ ይሁን ተከትሎ እንደሚከፈት ትመለከታለች። ከዚያ ግቢ ትወጣና የእኛኑ ዶሮ ታሯሩጣለች። እንቁላል ጣይ ዶሮዬ ናትና ተቆጣሁ። ልጅቱ ግን «እማዬ፣ እኮ የምታጠናው ነገር አለኝ» አለችኝ። ዶሮ ታጠናለች ማለት ነው!

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሒሳብ ደብተሯን ሳገላብጥ በየገጹ ጥግ፣ ከታች በኩል፣ ትናንሽ ሥዕሎች አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት መሰሉኝ። «ደብተሩን እንዲህ ይዘሽ በአውራ ጣትሽ ልቀቂው» አለችኝ። ለቀቅሁት፤ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች! እንዝርቷ ይዞራል፤ እጇ ይነሳል፤ ገጹ ሲያልቅ ትቆማለች። ሁለተኛ ለቀቅሁት፤ ሦስተኛም። ቁጣዬ ወዴት እንደ ሄደ እንጃ።

ልጅቱ ሮጣ ወደ አያቷ ሄደች። «እምዬ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለች። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን ተጠግተው አንድ ጊዜ አስገለበጧት፤ ዝም ብለው ደግሞ አስደገሟት።

«እንዝርቷስ ይዞራል» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ ግን ጥጥ አልያዘችም። ይህች እጇን ዘርግታ ትለምናለች እንጂ አትፈትልም። ፈታይ ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክሮ ሲለቅ፣ ግራ እጇ ባዘቶውን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። ክሩ ሲረዝም ትከሻም አብሮ ይነሳል፤ ክሩ ሲጠቀለል ትከሻም ያርፋል። አንቺ የሣልሽው እንዝርቱን ነው፤ የእኔን ትከሻ መች አየሽው?»

ልጄ አልተቀየመችም። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ 24 ሥዕል ይዛ መጣች። እናቴም «አሁን ክር ይዛለች፤ አንገቷ ግን ደርቋል» አሉ። እንዲህ እየተባለ እስከ አራተኛው ሥራ ተደረሰ። በመካከሉ ነው እንግዲህ ልጅቱ «እምዬ የሚያደርጉትን የሚያደርጉ ዳኞች አሜሪካ አገር አሉ፤ በየዓመቱ ይሸልማሉ» ብላ የሽልማቱን ነገር ያመጣችልን። እኔም ነገሩን ተከታትዬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሽልማቱ «አኒ» ይባላል፤ ስሙ አኒሜሽን ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አኒሜሽን ማለት ቆሞ ያለውን ሥዕል በሕይወት እንዳለ አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው። ሽልማቱን የሚሰጠው «አሲፋ ሆሊውድ» የተባለው በሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ የሙያው ሰዎች ማኅበር ሲሆን፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሐሳቡን ያመነጨችው ሴት መሆኗ ደስ አሰኝቶኛል። ጁን ፎሬይ ትባላለች፤ ሥራዋ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ ላሉ እንስሳትና ሰዎች ድምፅ መስጠት ነበር። «አኒ» የሚለውን ስም ያወጣው ባለቤቷ ነው ይባላል። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2017 በ99 ዓመቷ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፅዋን እንጂ ፊቷን አልነበረም። ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠራ ሰው ስም እንዲጠራ ያሰበችው እሷው መሆኗ አይገርምም።

በመጀመሪያው ዓመት የተከበሩት ማክስና ዴቭ ፍላይሸር የተባሉ ወንድማማች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1930ዎቹ ፖፓይን ወደ ፊልም ያመጡ ናቸው። ስማቸውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሽልማቱ ሲጀመር ለፊልምና ለቴሌቪዥን ሰዎች ነበር። የቪዲዮ ጌም ዘርፍ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጡ ሥራዎች ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሸለሙትን ስናይ «ራታቱይ»ንና «ኩንግ ፉ ፓንዳ»ን የመሳሰሉ፣ ከታወቀ ፊልም የተቀዱ ጨዋታዎች ይገኙባቸዋል። ጌሙ የፊልሙ ጭራ ሆኖ የታየ ይመስለኛል። ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ገጸ ባሕርያቱን ላንቀሳቀሱት ባለሙያዎች በየስማቸው የሚሰጥ ዘርፍ መጣ። እኔ ከሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። ጥልፍ ጠልፋ ቀሚሱ በባለ ሱቁ ስም የሚሸጥባት ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባታል።

ዋንጫው የ«ዞትሮፕ» ቅርጽ አለው። ዞትሮፕ ፊልም ሳይፈጠር በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ መጫወቻ ነው። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉት ክብ ከበሮ መሰል ነገር ሲሆን፣ በውስጡ ዙሪያውን ሥዕል ያለበት ረጅም ወረቀት ይቀመጣል። ከበሮው ሲሽከረከርና በክፍተቶቹ ሲታይ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። እናንተም ከካርቶን ሠርታችሁ ልጆቻችሁን ልታስደንቁ ትችላላችሁ፤ እኛ ቤት ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተሠርቶ ታናሿ እንቅልፍ አጥታ ነበር።

የዓይናችን ነገር ነው ሁሉም። ጥቂት በጥቂት የተለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይን አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል። ለአንድ ደቂቃ 1,440 ማለት ነው። ጥቂት ለመቆጠብ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳዩ በ12 የሚሠሩም አሉ። ልጄ ሦስት ቀን የደከመችበት 24 ሥዕል አንዲት ሴኮንድ ነች። የሽሮ ክዳን ከፍቶ ለመዝጋት እንኳ አትበቃም።

አሁን ስለ አንድ ተሸላሚ በሰፊው ልናገር፤ «ካፕሄድ» ስለ ተባለው ጨዋታ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. የወጣ ነው። ዋናው ባለታሪክ ራሱ ስኒ የሆነ ልጅ ነው፤ ወንድሙም እንደሱ ኩባያ ራስ ነው። ሁለቱ ስኒዎች ከሰይጣን ጋር ቁማር ተጫውተው ዕዳ ይገቡና ዕዳቸውን ለመክፈል ይሯሯጣሉ። ታሪኩን ስሰማ አማትቤአለሁ፤ አልደብቃችሁም። አሠራሩ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቻድና ጃሬድ ሞልደንሃወር የተባሉ ካናዳውያን ወንድማማች በትርፍ ጊዜያቸው ጀመሩት። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ መደበኛ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ቤታቸውንም አስይዘው ተበደሩ። የፈለጉት ጨዋታው የእነዚያን የፍላይሸር ወንድማማችን ዘመን ሥዕል እንዲመስል ነበር፤ እጅና እግሩ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ሲራመድ የሚደንስ። ያን ደግሞ ኮምፒውተር በቀላሉ አይሰጥም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል በወረቀት ላይ በእርሳስ ተሣለ፤ ከዚያ በቀለም ብዕር ተደገመበት፤ ወደ ኮምፒውተር የገባውም ከዚያ በኋላ ቀለም ለመቀባት ነው። የቻድ ባለቤት ማያ ሞልደንሃወር በቀለም ብዕር ከሚደግሙት አንዷ ነበረች፤ የሥራውም ኃላፊ ሆነች። በዚህ ዓይነት ከ40 ሺህ በላይ ሥዕል ተሠራ። በዚያው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ አኒ በሐና አቢ ሐና መሪነት ለሠሩት ሠዓሊዎች ተሰጠ፤ ቲና ናውሮኪ የምትባል ሴት ሠዓሊም አለችበት። የመጀመሪያው ሽልማት ለፍላይሸሮች ከተሰጠ ከ45 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የእነሱን እጅ በትዕግሥት ያጠኑ ወጣቶች ያንኑ ሽልማት ወሰዱ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ የቀለም ብዕሩ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ አለ። «እርሳስና ወረቀት እኮ ነው፣ እማዬ!» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ የገባው ቤታቸውን አስይዘው መበደራቸው ነው። ያ ጨዋታ ሳይሸጥ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ስማቸውን ያነሳ ነበር? ለአንዱ ሲሳካ ስንት ሌላ ቤት እንደ ተሸጠ ሽልማቱ አይነግረንም።

የጌም ሥዕል ከፊልም ሥዕል የሚከብድበት ነገር እንዳለም ተረድቻለሁ። የፊልም ሠዓሊ ባለታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። ጌም ላይ ግን መንገዱን የሚመርጠው የእኔ ልጅ አውራ ጣት ነው። ባለታሪኩ እየሮጠ ሳለ ዝለል ይባላል፤ አየር ላይ ሳለ ተመለስ ይባላል፤ ሳያርፍ ደግሞ ምታ ይባላል። ሠዓሊው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የተለየ እንቅስቃሴ አዘጋጅቶ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ስፌቱ ሳይታይ እንዲጋጠም ማድረግ አለበት። አዝማሪ የራሱን ዘፈን ሲዘፍን አንድ ነገር ነው፤ ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ሲለው ሌላ ነው። ጌም ሠዓሊ ዘወትር «ተቀበል» የሚባል አዝማሪ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሰው ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን ያጥፋል፤ ሥጋው ከባድ ነውና። ነገር ግን ጨዋታው ላይ ልጁ ቁልፉን በተጫነበት ቅጽበት ባለታሪኩ ካልተነሳ «ዘገየ» ይላል። ጉልበቱን ካላጠፈ ደግሞ እናቴ እንዳሉት ክብደት የለውም፤ እንደ ገለባ ይነሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ማስተካከል ነው ሙያው። እኛ «ልጆቹ አፍጥጠው የሚያዩት ከንቱ ነገር» የምንለው ውስጥ ይህን ያህል ልፋት አለ።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ሽልማት ማግኘቱ ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ሽልማት የወሰደው «ጎድ ኦፍ ዋር»፣ የ2020ውን የወሰደው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ሁለተኛ ክፍል፣ ሁለቱም ደምና ግድያ የሞላባቸው፣ ለአዋቂዎች ብቻ ተብሎ የተጻፈባቸው ናቸው። በጨዋታው ዕቃ ሽፋን ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር የዕድሜ ገደብ ናት፤ 18 የሚል ከተጻፈበት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዕቃ አይደለም። ጌም ቤቱ ውስጥ ሽፋኑን የሚያይ ስለሌለ እናት ገብታ ማየት አለባት። እኔ ገብቻለሁ። ልጆቹ ለጊዜው ጸጥ አሉ፤ ልጄም ለአንድ ሳምንት ያህል አኮረፈኝ፤ ነገር ግን የሚጫወቱት ኳስ መሆኑን በዓይኔ አየሁ።

ደግሞም ሽልማቱ ራሱ ነቀፋ አላጣውም። ድምፅ የሚሰጡት የማኅበሩ አባላት ስለሆኑ ብዙ ሠራተኛ አባል ያደረገ ኩባንያ ያይላል ተብሎ፣ ታላቁ የዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጊዜው ራሱን ከውድድሩ አግልሎ ነበር። ዕቁብም ያለ ዳኛ አይሰበሰብ፤ ይህ የትም ያለ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ብዙዎቻችሁ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት ታስታውሳላችሁ። ፀሐይ የምትባለውን ቀጭኔ ለልጆቻችን ያመጣችው ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ሆና ሥራውን የጀመረችው በካልሲ አሻንጉሊት ነው፤ በቴሌቪዥን መታየት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ካልሲ! ያ የካልሲ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ዝግጅት ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ቀጭኔዋም ቆይታ በተንቀሳቃሽ ሥዕል መጣች። በእኔ ቤት ታላቋ ልጅ ፊደል የቆጠረችው ከእሷ ጋር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ያ የስልኬ የዶሮ ጨዋታ «ኩኩሉ»ም ቢሆን የውጭ አገር ሥራ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው «ቅኔ» የተባለው ድርጅት የሠራው ነው፤ ዶሮዋ ከገበሬው ለማምለጥ ትሮጣለች። አፍሪካ አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ይኸው ድርጅት የገበጣን ጨዋታም ለስልክ አዘጋጅቷል። እናቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸው ገበጣ የተጫወቱት መሬት ቆፍረው በጠጠር ነው፤ «ኩኩሉ» ሲባልም መልሱ «አልነጋም» እንጂ ሌላ አይደለም። ልጆቹም ሲሯሯጡ «አልነጋም!» እያሉ መጮህ ጀመሩ።

ክርክሩ የተነሣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ልጄ አንድ ቀን ማታ፣ እራት ተበልቶ ቡና ሲጠጣ፣ «እኔ ይህን ነው መማር የምፈልገው» አለች። አባቷ ስኒውን አስቀመጠ።

«ሥዕል?» አላት።

«የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ አባዬ።»

«ቢንቀሳቀስስ እንጀራ ይሆናል?»

ሰውየው ክፉ አይደለም። የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ዛሬ የተወደደ ነገ ሲረክስ፣ የተጫነ ኩንታል በመንገድ መዘጋት ሲቆም ያየ ሰው ነው። ልጁ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንለት የወር ደመወዝ አላትና ሌሊት ይተኛል። ስለዚህ ሐሳቡን ዝም ብሎ መናቅ አይገባም። እኔም የደመወዝን ነገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ቤት በየወሩ ሳይዛነፍ የሚገባ ገንዘብ የእኔው ነውና።

ነገር ግን የለመድነው መንገድም እንደ ድሮው አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። «ተማሪ፣ እለፊ፣ ተቀጠሪ» ብለን ስንመክር የቀረውን 96.7 ከመቶ ወዴት እንልካለን? ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያም «እሺ፤ ለዚህ ለምትይው ደግሞ ምን ያስፈልጋታል?» አለ።

ምን ያስፈልጋታል? ወረቀትና እርሳስ አላት። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በስልክ ካሜራ አንስታ ማገጣጠም ተምራለች። ዋናው ዕቃ ኮምፒውተር ነው፤ በትምህርት ቤቷ ያሉት ደግሞ ከተማሪው ብዛት ጋር አይመጣጠኑም። ፕሮግራሙስ ቢሆን ይገዛል ወይ ብዬ ብጠይቅ «ብሌንደር» የሚባለው በነጻ የሚሰጥ መሆኑን አስረዳችኝ። «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ የድመት ፊልም በዚሁ ነጻ ፕሮግራም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአኒ ሽልማት ሌላ ኦስካርንም አግኝቷል። ላትቪያ ከእኛ ከአማራ ክልል በሕዝብ ብዛት እጅግ የምታንስ አገር ናት። ይህን ለባለቤቴ አልነገርሁትም፤ ለሌላ ቀን ይዤዋለሁ።

ላፕቶፕ እንግዲህ ገንዘብ ነው። የእኔ ዕቁብ ጥር ላይ ይወጣል። በዚያ ገንዘብ የኩሽናውን ቆርቆሮ ለመቀየር ተነጋግረን ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ምጣዱ ላይ ያፈሳልና። ያገለገለ ላፕቶፕ ባሕር ዳር ስንት እንደሚያወጣ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬን አስጠይቄያት ነበር። ቆርቆሮውንና እሱን አንድ ላይ አይችላቸውም። እናቴ «እኔ እያለሁ ዝናብ ምጣድ ላይ ሲወርድ ስንት ዓመት ነው፤ ለመጣድ አንድ ክረምት ቢታገሡ ምን አለበት» አሉ። የሚጋግሩት ግን እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

ለልጅቱ የነገርኋት ይህን ነው፦ የማትሪክ ትምህርቷ ሳይጎድል፣ ማታ ከጥናት በኋላ አንድ ሰዓት የሥዕል ጊዜ አላት፤ ደብተር ላይ ግን አይሣልም፤ ለእሱ የተለየ ወረቀት እገዛለሁ። ላፕቶፑን ቃል አልገባሁላትም።

ባለፈው ሳምንት አባቷ ከቡሬ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ ወረቀቶቹን አምጥታ ፊቱ ዘረጋችለት። አንድ ጫኝ የበርበሬ ኩንታል ተሸክሞ ወደ መኪና ሲወጣ ነው የሣለችው። ሰውየው ዝም ብሎ አየ። አገላበጠ። ደግሞ አየ።

«ይህ ሰው ኩንታል አልተሸከመም» አላት። «ጥጥ ነው የተሸከመው። በርበሬ ሲጫንብሽ አንገትሽ ወደ ፊት ይወጣል፤ እርምጃ ያጥራል፤ ሳንቃው ላይ ስትወጪ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ጉልበት ነው።» ከዚያም ተነሥቶ፣ የደከመው ሰውዬ፣ ትራሱን ጀርባው ላይ አድርጎ ከበሩ እስከ አልጋው ተራመደላት። እሷም እርሳሷን ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች።

ትናንት ዘጠነኛው ሥዕል ላይ ነበረች። ስለ ቆርቆሮው እስካሁን አልተነጋገርንም።